ኪሴ ውስጥ የነበረው ክዳን

አያ ምንይችል ቡሬ ሲቀበር አልደረስኩም። መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተና እኔ የገባሁት በሠልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ገና ከመቀመጤ የሰማሁት ነገር ሳቅ ነው።

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር አይደለም። ሐዘንተኛ እንዲጽናና ሰው ያወራል፣ ይጫወታል። ያን ቀን የሚሳቅበት ግን ሟቹ ራሱ ነበር። ጫማውን ያስጠረገ፣ ኮት የለበሰ አንድ ወጣት መሀል ተቀምጦ ያወራል።

«ታዲያ ኮሚቴው ፎቶውን አምጡ ቢላቸው፣ የመጀመሪያው ጥቁር። ሁለተኛው ጥቁር። ሁሉም ጥቁር። ለካ አያ ምንይችል የካሜራውን ክዳን ሳይከፍቱ ነው ሲያነሡ የዋሉት።»

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። የሟቹ እኅት እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ወጣቱን አወቅሁት። ይኸነው ነው። ተማሪ ሳለ መታወቂያውን እያየሁ የማስገባው እኔ ነበርኩ። አሁን አዴት አካባቢ ርዕሰ መምህር ሆኗል አሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ያ ክዳን የት እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።

የመምህራን ኮሌጅ ዘበኛ ነበርኩ፤ ፍኖተ ሰላም። ኮሌጁን በስም አልጠራውም። ደረቴ ላይ «ጥበቃ» የሚል ባጅ ለጥፈውልኛል፤ ሲጠሩኝ ግን «አንተ ዘበኛ» ነው። የልጄ እኩዮች የሆኑ መምህራን በሩን ቶሎ አልከፈትክም ብለው ጡሩምባ ይነፉብኛል። አጥር ሲወድቅ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አጥር ሲቆም ግን የሚመሰገኑት እነሱ ናቸው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በዚያ ግቢ ውስጥ በስሜ ይጠራኝ የነበረው ማን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

አያ ምንይችል የግቢው ፎቶ አንሺ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ካሜራው ጎትቶት። ቡናማ ባርኔጣ ነበረችው፤ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ከራሱ አትወርድም። በዕድሜ ይበልጠኛልና አንቱ ስለው «ወገቤን አታጉብጠው፣ አንተ በለኝ» አለኝ። ስለዚህ አሁንም አንተ እላለሁ።

ኮሌጁ የሚፈልገው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለመታወቂያና ለምረቃ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሁሉ ማንም ያላዘዘውን ሲያነሣ ይውላል። ቧንቧው ሥር ልብሳቸውን የሚያጥቡትን። ባሕር ዛፉ ጥላ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ከንፈራቸውን እያነቃነቁ የሚያጠኑትን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣሩ ላይ ተደርድረው ጸጉር የሚሠራሩትን ሴቶች። ለበዓል አገራቸው ሲሄዱ አውቶቡስ ላይ ሻንጣ የሚወረውሩትን። ፈተና እየተቆጣጠረ እንቅልፍ የወሰደውን መምህር አንሥቶ ጉድ ተባብለናል። አርብ አርብ ፎቶዎቹን ቧንቧው አጠገብ ባሉት ሁለት የግራቪሊያ ዛፎች መካከል ገመድ ወጥሮ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላቸዋል። ሰዉ ውሃ ሊቀዳ መጥቶ ራሱን ያያል።

የኛ አገር ሰው ካሜራ ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እጁን ከጎኑ ያጣብቃል፣ አገጩን ያነሣል፣ ትንፋሹን ይውጣል። አሁን ሲስቅ የነበረ ልጅ ዳኛ ፊት የቀረበ ይመስላል። አያ ምንይችል በዚህ አይከራከርም። «እሺ፣ ተዘጋጁ» ይላል፤ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ ቀጭ ያደርጋል፤ «በቃ፣ ተነሥታችኋል» ይላል። ክዳኑ ግን እንደተገጠመ ነው። እነሱ አያስተውሉም። ትንፋሻቸውን ይለቃሉ፣ ትከሻቸው ይወርዳል፣ አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ይጎሽመዋል፣ አንዷ ሻሿን ፈታ ታደርጋለች። ያኔ ክዳኑን ነቅሎ ለኔ ያቀብለኛል። እኔ ኪሴ እከተዋለሁ። እሱ እውነተኛውን ያነሣል።

«ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ነው እንጂ» አለ። «ግን የሚታለለው ማነው? እንደ ምሰሶ የቆመው ሰውዬ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አያውቀው፤ የገዛ እናቱም አታውቀው።»

ነገሩ ውሎ አድሮ ግቢው ሁሉ አወቀበት። ነባሮቹ ለአዲሶቹ «መጀመሪያ ክዳኑን እዩ» ይሏቸዋል። አዲሶቹ ግን መታለላቸው አይቀርም፤ ለመቆም ሲጣደፉ ክዳን የሚያይ የለም።

የተቆጣውም ብዙ ነው። የምግብ ቤቱ ዋና ወጥ ሠሪ እትዬ የሻረግ አንድ አርብ ገመዱ ላይ ራሷን አየች። ድስት ላይ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ጸጉሯ ተገልጦ። ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች።

«አንተ ምንይችል፣ ያለ ሻሽ?»

«ሥራ ላይ ነበርሽ።»

«ሥራ ላይ ብሆንስ? ነገ ስሞት ይህን ይዘው ሊያለቅሱልኝ ነው? ሰው ምን ይላል፣ ይቺ ሴት ነጠላ እንኳ አልነበራትም ወይ አይልም?»

«ለሞትሽ በነጠላ አነሣሻለሁ። ይሄ የቁምሽ ነው።»

«ጥርግ በል።»

ፎቶውን ከገመዱ ነጥቃ ጡቷ ሥር ከትታው ሄደች። ቀድዳ እሳት ውስጥ ጨመረችው ብዬ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሽንኩርት ላግዛት ዕቃ ቤት ስገባ፣ የበሩ ጀርባ ላይ፣ ከሷ በቀር ማንም በማያይበት በኩል፣ በሊጥ አጣብቃው አየሁ።

እኔን ደግሞ እንዲህ አደረገኝ። ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም። አባቴ ልጅ የሚፈልገው ለከብት ነበር፤ ቄስ ትምህርት ቤት የሄዱት የጎረቤት ልጆች ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ መታወቂያ ሲያሳዩኝ ፎቶውን ከፊታቸው ጋር አስተያይቼ አሳልፋለሁ። ፎቶዎቹን የሚያነሣው አያ ምንይችል ስለሆነ ሰውን ይመስላሉ፤ ስቼ አላውቅም። በጠቅላላው ግቢ ፕሮፌሰር ነኝ ባዩ ሁሉ በዚያ በር ሲያልፍ አንድም የነቃብኝ የለም።

«ቢያዝን» ብሎ በስሜ ጠራኝ አንድ ጠዋት፣ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ፤ «አውራ ጣትህ ሁልጊዜ ጽሑፉ ላይ ነው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ፎቶህን አንሣ» አልኩት።

ካሜራውን አንግቶ ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት መጥቶ «ማቆሚያው ከበደኝ፣ ተሸከምልኝ» አለ። ባለሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ማለቱ ነው። ተማሪዎቹ ለልምምድ የሚያስተምሩት የጎልማሶች ክፍል ነበር፤ ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶች፣ ተሸካሚዎች፣ አንዲት መነኩሲት። ሊያነሣቸው ነው የገባን። ጥቂት አነሣና «ማቆሚያውን ጠብቅልኝ፣ መጣሁ» ብሎኝ ወጣ። አልመጣም። እኔ ከኋላ ወንበር ማቆሚያውን ይዤ ቀረሁ። ሰሌዳው ከፊቴ ነው፤ ዓይኔን ልጨፍን? በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። ያን ክፍል ማቆሚያ ስጠብቅ ጨረስኩት። አንድም ቀን «ተማር» አላለኝም። ቢለኝ እሰድበው ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የተማሪው ምግብ ከከፋ ሰነባብቶ ነበር። ወጡ ውሃ፣ ዳቦው ነቀዝ። የሻረግ የሰጧትን ነው የምትሠራ፤ ሽሮው ከሷ ድስት ሳይደርስ ነው የሚያንሰው፤ ማን እንደሚያሳንሰው ግቢው ያውቃል። ተማሪ ግን የሚያየው ጭልፋ የያዘችውን ነው። ያን ቀን ለምሳ ተሰልፈው ሳለ ሳህናቸውን ገልብጠው መደብደብ ጀመሩ። ሂድ ጸጥ አሰኝ ተብዬ ሮጥኩ። አያ ምንይችል ቀድሞኝ እዚያው ነበር። ክዳኑን ነቅሎ አቀበለኝ፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ካሜራውን ከራሱ በላይ አድርጎ በሰዉ ላይ ያነሣ ጀመር።

ይኸነው ከፊት ነበር። የሚጮኸውም እሱ፣ የሚያስጮኸውም እሱ። ትልቁ ድስት በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። «ይሄን ለውሻ ስጡ» አለና በእግሩ ገፋው። ድስቱ ሄደ። ትኩሱ ሽሮ እትዬ የሻረግ እግር ላይ ተደፋ።

ጮኸች። እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። ከኋላ ያሉት ምን እንደሆነ አላዩም፤ ሳህናቸውን መደብደቡን ቀጠሉ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰላት ራሱ የገፋው ልጅ ነው። የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ አንሥቶ ተንበረከከ፣ እግሯን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ውሃ ያፈስስባት ጀመር። «እማ፣ እማ» ይላል፤ እያለቀሰ። አያ ምንይችልም ከፊት ለፊቱ በርከክ አለ። ቀጭ ሲያደርግ ሰማሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት አሳየኝ። «አገኘኋት፣ ቢያዝን» አለ። ያቺን ፎቶ ስንት ዘመን ሲፈልጋት እንደኖረ ድምፁ ነገረኝ። እኔም አየኋት።

ግርግሩ ሳይበርድ ምክትል ኃላፊው ወጣ። ድስቱን የደፋው ዛሬውኑ ይታወቅ፤ ይባረራል፤ የትም ኮሌጅ እንዳይገባ ይጻፍበታል። ይህን በድምፅ ማጉያ ነው የተናገረው። ተማሪው አንድም አልመሰከረም። የሻረግን ሲጠይቋት በጨርቅ የተጠቀለለ እግሯን ዘርግታ «አዳልጦኝ ነው፤ የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። አላመኗትም። ያኔ አንዱ «ምንይችል ሲያነሣ ነበር» አለ። በቃ። ካሜራዎን ይዘው ኮሚቴ ይቅረቡ የሚል መልእክት መጣ።

የይኸነውን ቤት አውቃለሁ፤ ዱርቤቴ መንገድ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። አባቱ ልጁን ሲያስመዘግብ ከኔ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ግቢውን ሲያይ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ይመስል ነበር። ያ ልጅ ከዚያ ግቢ ቢወጣ የሚመለሰው ወደዚያ ሰውዬ ነው።

አያ ምንይችል ኮሚቴው ጋ ከመሄዱ በፊት የኔ ማማ ገባ። አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠ።

«ክዳኔን ስጠኝ» አለ።

ሰጠሁት። አልገጠመውም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፎቶዋን ያያት ጀመር። ዓይኑን ሳይነቅል ብዙ ቆየ።

«ለሷ ሲል ተንበርክኮ የለም ወይ?» አልኩት። «እሱን ያያሉ።»

«አያዩም። የሚፈልጉት ፊቱንና ድስቱን ነው። ሁለቱም አሉ።»

«ይቺን ፎቶ ብቻ አጥፋና ሌላውን ስጣቸው።»

«በሌላውም አለ። በሁሉም አለ፤ ከፊት ነበር እኮ።»

ከዚያ ጣቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁሉንም አጠፋ፤ የዚያን ቀን የጠዋቱን፣ የዳቦ ቆረጣውን ሳይቀር። ክዳኑን ገጠመ። ካሜራውን ወደ ማማዬ ግድግዳ አዙሮ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገ። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ መቆም እችላለሁ፤ እሱ ግን አላለቀሰም፣ ሥራ ላይ ነበር፤ ያንን ማየት አቃተኝ።

ኮሚቴው ፊት አብሬው ገባሁ። ካሜራውን ሰጣቸው። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ጥቁር።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ምክትሉ።

«ክዳኑን ሳልከፍት ነው መሰል» አለ አያ ምንይችል፤ ባርኔጣውን አውልቆ።

ካሜራ የሚያውቅ አንድ መምህር ነበር። «ሲያዩበት አይጨልምም እንዴ?»

«ሰዉ በዛብኝና ከራሴ በላይ አድርጌ ነው ያነሣሁት፤ ዓይኔን አላስጠጋሁም። መቼም የኔን ክዳን ነገር ታውቃላችሁ። እርጅና መጣ፤ የውሸቱንና የእውነቱን ማምታታት ጀመርኩ።»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ግቢው ሁሉ ስለሚያውቀው ነገሩ እውነት ይመስላል። ያልሳቀው ምክትሉ ነው፤ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ አጠገቡ ነበርክ። ክዳኑ ተከፍቶ ነበር ወይስ አልተከፈተም?»

«እኔ የምጠብቀው በር ነው» አልኩት። «ክዳን ጠብቅ ያለኝ የለም።»

«ባለጌ» አለኝና ተወኝ። ማንም አልተባረረም።

ለሱ ግን የግቢው ፎቶ ሥራ እንዳበቃለት ያወቅነው ምረቃ ሲደርስ ነው። ክዳን መክፈት የሚረሳ ሰው ለምረቃ አይታመንም ብለው ከባሕር ዳር ሌላ አስመጡ። የመግቢያ ፈቃዱም አልታደሰም። ጓዙን ይዞ ሲወጣ በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ። ተማሪዎቹ ከአጥሩ ውስጥ «አያ ክዳን፣ ክዳኑን አደራ» ይሉታል። ይኸነው ከመካከላቸው ነበር፤ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዕድለኛ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። አያ ምንይችል ባርኔጣውን አንሥቶላቸው አለፈ።

ቡሬ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ከፈተ። የመታወቂያ ጉርድ ያነሣ ነበር፤ ስልኩ እየበዛ ሲሄድ እሱም ቀረ። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ቁጭቴ አልበርድ ብሎኝ «ለዚያ ልጅ ለምን አትነግረውም?» አልኩት። «ተመርቋል። ሥራ ይዟል። ማንም የሚያደርገው ነገር የለም።»

«ብነግረው ምን ይሆናል?»

«ያመሰግንሃላ።»

«እሱን ነው የምፈራው። ከዚያ ባየኝ ቁጥር እጁን አጣብቆ፣ እንደ ምሰሶ ፊቴ ይቆማል። ዕድሜዬን ሁሉ የሸሸሁት እሱን አይደለም ወይ? አሁን ባየኝ ቁጥር ይስቃል። ይሳቅ፤ ሲስቅ ራሱን ነው የሚመስለው።»

ልሄድ ስነሣ ክዳኑን ሰጠኝ። ካሜራውን ሸጦት ነበር። «ኪስህን ለምዷል» አለኝ።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ ያ ሳቅ ሲሳቅ ክዳኑ ኪሴ ነበር። አያ ምንይችል ተወው እንደሚለኝ አውቃለሁ። ግን እኔ እንደሱ ደግ አይደለሁም። ሳቁ ሲበርድ ይኸነውን ጠቅሼ ወደ ውጭ፣ ወደ ድንኳኑ ገመድ አወጣሁት።

«ጋሼ ቢያዝን፣ እግዜር ያጽናዎ። አወቁኝ?»

«አውቄሃለሁ። እጅህን አምጣ።»

መዳፉ ላይ ክዳኑን አስቀመጥኩለት። እየሳቀ ገለባብጦ አየው። «የሳቸው ነው? ያ ክዳን?»

«ያ ክዳን ነው። አንተ ድስቱን ስትገፋ የኔ ኪስ ውስጥ ነበር።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ገባው። ሌላውንም ነገርኩት፤ የማማዬን አግዳሚ፣ ግድግዳውን፣ ቀጭ ቀጩን። ስጨርስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ አገጩን አንሥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ልክ እንደ ምሰሶ። አያ ምንይችል እውነቱን ነበር።

«ፎቶው ላይ» አለ፣ «ምን እመስል ነበር?»

ፊደል የተማርኩት ማቆሚያ ስጠብቅ ነው አላልኳችሁም? ያን ፎቶ ካየሁት ሁለት ሰዎች አንዱ አሁን አፈር ገብቷል። ስለዚህ ለልጁ እንደነገርኩት እዚህም እጽፈዋለሁ። ከኋላ የተገለበጡ ሳህኖችና የተነሡ እጆች አሉ። ድስቱ ጎኑን ይዞ ተኝቷል። አንድ ልጅ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ የሴትዮዋን እግር ይዞ በሌላው ከጆጉ ውሃ ያፈስሳል፤ ውሃው ገና እግሯ አልደረሰም፣ አየር ላይ ነው። ፊቱ ላይ እንባና ንፍጥ ተቀላቅሏል። እሷ ሻሿ ወድቋል። ከሕመሙ የተነሣ ጥርሷን ነክሳለች። ግን ግራ እጇ፣ ማናችንም በግርግሩ ያላየነው እጇ፣ የልጁ ጭንቅላት ላይ ነው። ስትመታው አይደለም። እንደ ልጇ ነው የያዘችው።

«እጇን አላወቅሁም ነበር» አለ ይኸነው።

ክዳኑን መልሶ ሰጠኝና ወደ ድንኳኑ ገባ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ተከተልኩት። ምግብ ሊቀርብ ነበር። ይኸነው የመሀል ቦታው ላይ አልነበረም። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጥሎታል። ከሚያስታጥቡት ሰዎች ጆጉን ተቀብሎ፣ ከዳር ጀምሮ፣ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ ጎንበስ እያለ ውሃ ያፈስሳል። «ኧረ አንተ ተቀመጥ፣ ርዕሰ መምህር እኮ ነህ» ይሉታል። አልሰማቸውም።

እኔ ጋ ደረሰ። እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ውሃው ከሳህኑ ውጭ እንዳይፈስስ ነው የሚጠነቀቀው። ትከሻው ወርዷል። እንዲያ ሲሆን ነበር አያ ምንይችል ክዳኑን የሚያቀብለኝ።